አራት ክፍል ከገበያው በታች

ኅዳር 4 ቀን 1957 ዓ.ም. መካነ ኢየሱስ

ዛሬ ቦታ ገዛሁ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ደጋግሜ አነበብኳት፤ ደስ ትላለች። ከገበያው በታች፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው ሜዳ ላይ ያለው የአቶ ፈንታ ቦታ የእኔ ሆነ። ውሉ ተጻፈ፣ እማኞች ፈረሙ፣ ዋስ ተጠራ። የአቶ ፈንታ ወንድሞችና የእኅቱ ልጆች ሳይቀሩ ቀርበው «ተወላጅ ነን ብለን አንነሣም» አሉ። ይህን ያስደረግሁት እኔ ነኝ። በርስት የተነሣ ስንቱ ዕድሜውን በዳኛ ደጅ እንደጨረሰ አውቃለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ግን ጠርጥሬና አስፈርሜ ነው የገዛሁት።

ካለፈው የካቲት ጀምሮ የዚህች ከተማ ድሬሰር ነኝ። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ የተሰበረ አስራለሁ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ደመወዜ ነው። ደመወዝ ምንድን ነው? በወሩ መጀመሪያ ይመጣል፣ ወሩ ሳያልቅ ያልቃል። ቤት ግን አንዴ ከቆመ ተኝተህም ያበላሃል። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ክፍል ይጨምራል፤ የባላገር ልጅ ስንቁን በአህያ ጭኖ ይመጣና ማደሪያ አጥቶ በየሰው ጓዳ ይጎለታል። አራት ክፍል በአንድ ሰልፍ ብሠራ ጭቃው ሳይደርቅ ተከራይ ይሞላዋል።

አንድ ነገር ብቻ ይገርመኛል። ይህን የመሰለ ሜዳ፣ ለገበያው ቅርብ፣ ለውሃው ቅርብ፣ እስከ ዛሬ ባዶውን እንዴት ቀረ? በጎች ብቻ ናቸው የሚግጡበት። ሰው ዐይን የለውም ማለት ነው።

ለአከራዬ ለወይዘሮ ተዋበች ነገርኳቸው። እግራቸውን አሟቸው ከተኙበት ሳይነሡ፣ የአንተን የአንድህን አመል እኔ እንዴት እንደቻልኩት አይቼዋለሁ፣ አንተ የአራት ክፍል ሰው ልትችል ነው እንዴ ብለው ሳቁብኝ።

ኅዳር 9

ከአባቴ አገር ከቤተ ልሔም ሰው መጣ። አባቴ መሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ ድጓ ከሚያስተምሯቸው ደቀ መዛሙርት አንዱ ነው፤ መልእክቱን በቃሉ ይዞ ሁለት ቀን ተጉዟል። እንዲህ ነው። አንድ የስማዳ ባለጸጋ አመተ ማርያምን ለልጁ ጠይቋል። እኅቴ ገና ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ፊደሉን ከአባቴ ደጅ ለቅማ ዳዊት ታነባለች፤ እኔም ትምህርት ቤት አስገባታለሁ ስል ሦስት ዓመት ሆነኝ። አሁን አባቴ ቃሌን ያዙት። «ለጥምቀት መጥቼ አያለሁ። ቤት ካለህ ከእማሆይ ጋር ገብታ ትማር። በሰው ጓዳ ጥግ ልጄን አላስቀምጥም። ቤት ከሌለህ ለጠያቂዎቹ እሺ እላለሁ» ብለዋል። እማሆይ ሐረገ ወይን የአባቴ እኅት ናቸው፤ መነኩሲት።

ስለዚህ እስከ ጥምቀት መቆም አለበት። ይቆማል!

ሁለተኛው ክፍል የእርሷና የእማሆይ ነው። የመጀመሪያው ከገበያው ፊት ለፊት ስለሆነ ጫጫታ አለው፤ ሁለተኛው ፈንጠር ያለ ነው። እኔ ወይዘሮ ተዋበች ዘንድ እቆያለሁ። ሦስቱ ይከራያሉ፤ በኪራዩ እርሷ ትማራለች። ይህን ሁሉ የማደርገው ለእርሷ ነው።

ኅዳር 16

ቤት ሠሪው ጓዴ ችካል ተከለ። «እዚህ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እዚህ ነው አልኩት። ገመዱን ዘርግቶ እንደገና «ልክ እዚህ?» አለ። ውሉን ላሳየው ስል፣ እሱ ወረቀት እንደማያውቅና እኔ ካልሁ እንደሚበቃው ተናግሮ መቆፈሪያውን አነሣ። የነቢያት ጾም ስለገባ ሠራተኛው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም፤ ሥራው ይጓተታል።

ሁለት ሽማግሌዎች ወደ ገበያ ሲያልፉ ቆመው አዩን። ደፋር ልጅ ነው አለ አንደኛው። ሌላው ደግሞ የመሪጌታ ልጅ ስለሆነ ሳያስፈቅድ አይሠራም አለው። እውነቱን ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ ኪሴ ውስጥ ነበር። ደፋር መባሉ ግን ደስ አለኝ።

ኅዳር 28

ቋሚዎቹ ቆሙ። ማገሩ ሊያልቅ ነው። ጭድ ከቆላ መጣ። ክሊኒክ ሰው ተሰልፏል፣ ልሂድ።

ታኅሣሥ 6

ምርጊቱ ተጀመረ። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ሰንብቷል፤ ሽታው ልብሴ ላይ ቀርቶ በሽተኛ ሁሉ አፍንጫውን ይይዝብኛል።

ሀይሉ መጣ። ሀይሉ ጨርቅና ጨው የሚነግድ፣ ደብረ ታቦር የሚመላለስ፣ በከተማው እንደ እኔ ዐይኑ የበራ ሰው ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ለሱቅ ፈለገውና ቀብድ ሰጠኝ። በሩ ሰፋ ይበል አለ፤ አሰፋሁት። ሁለተኛውንም በውስጥ በር ብንከፍተው ለዕቃ ማከማቻ ይሆነኛል፣ ኪራዩንም እጨምራለሁ አለኝ። እሱ የእኅቴ ነው አልኩት። ሐሳቡ ግን ክፉ አይደለም። ሌላ ጊዜ ይታሰብበታል።

ባለጉዳዩ በዛ። ሁለት የባላገር አባቶች አራተኛውን ለልጆቻቸው ያዙ። አንድ መምህር ሦስተኛውን እያየ ነው። ገና ቆርቆሮ ሳይለብስ! አባቴ መጥተው ይዩ።

ታኅሣሥ 11

ወይዘሮ ተዋበች ተሽሏቸው ዛሬ ምርኩዝ ይዘው ቤቱን ሊያዩልኝ መጡ። አራቱንም በር አዩ፣ ምርጊቱን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ፣ መልካም ነው አሉ። ከዚያ ወደ ላይ ወደ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አዩ፣ ወደ ታች ወደ ወንዙ አዩ፣ እንደገና ቤቱን አዩ።

«ታዲያ ለጥምቀት ታቦቱ በየት ሊያልፍ ነው?»

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እርሳቸው አልሳቁም። ሚካኤል በከተራ ዕለት ወደ ወንዙ የሚወርደው በዚህ ሜዳ መካከል ነው። ጥር 12 ሲመለስም እዚሁ ያርፋል፤ ካህናቱ ይዘምሩለታል፣ ሴቱ እልል ይላል። ከእናት ከአባታቸው ጀምሮ እንዲህ ነው። ያ ሜዳ ባዶውን የኖረው፣ የአቶ ፈንታ አባትም ያላረሱት ለዚህ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በከተማው የለም። እኔ የመጣሁት በየካቲት ነው፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ!

ለምን አልነገሩኝም ብዬ ጮኽኩባቸው። ከገበያው በታች ብለህ ነገርኸኝ፣ ከገበያው በታች ስንት ቦታ አለ አሉኝ፤ እውነት ነው። ሌላው ሰው ደግሞ የመሪጌታ ልጅ ስለሆነ ከካህናቱ ጋር ተነጋግሮ ነው ብሎ ዝም አለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። «ስምህ ኃይለ ሚካኤል፣ ሥራህ የሚካኤልን መንገድ መዝጋት» አሉኝና ምርኩዛቸውን ይዘው ሄዱ።

ስለ ወንድሞቹ ጠየቅሁ። ስለ እኅቱ ልጆች ጠየቅሁ። ስለ ድንበሩ፣ ስለ ጎርፉ፣ ስለ ግብሩ ጠየቅሁ። ቄስ አልጠየቅሁም! በድጓ ቤት ተወልጄ፣ በከበሮ ድምፅ አድጌ፣ ታቦት መንገድ እንዳለው ረሳሁት። ቤተ ልሔም ያለ የአንድ ሳምንት ተማሪ የማይስተውን።

ታኅሣሥ 12

አቶ ፈንታ ዘንድ ሄድኩ። አውድማ ላይ በበሬዎቹ እያበራየ አገኘሁት። ደብቀህ ሸጥህልኝ አልኩት። አልተቆጣም። መንሹን ተደግፎ፣ የማያውቅ ሰው አለ ብሎ በምን እንደሚጠረጥር ጠየቀኝ። ደግሞ እኮ ባትጠይቀኝም በርካሽ ሰጥቼሃለሁ፣ ለምን በርካሽ ሰጠኝ አላልህም አለ። እኔ የመሰለኝ በብልሃቴ ያወረድኩት ነበር።

ካፈርኩ አይመልሰኝ። አላፈርስም።

ታኅሣሥ 16

የሚካኤል አስተዳዳሪ አለቃ ዋሴ ሁለት ቄሶች አስከትለው መጡ። እጃቸውን ተሳለምኩ። ይቆጣሉ ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ፈቃዱን፣ ውሉን፣ ማኅተሙን። የወረቀት ነገር አላነሡም። ስለ አባቴ ጤና ጠየቁ፤ ድጓ ቤት አብረው እንደነበሩ ነገሩኝ። ከዚያ በአራቱ ክፍል ፊት ተመላለሱ።

«ልጄ፣ ቤቱ ያንተ ነው። መንገዱ ግን የሚካኤል ነው። ሁለቱን ማስታረቅ ያንተ ፈንታ ነው፤ እኛ አናፈርስብህም» አሉኝ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከተቆጣ ሰው ጋር መሟገት ይቻላል።

ሀይሉ ግን ተደሰተ። አናፈርስም ካሉ አለቀ፣ ዘመኑ የወረቀት ነው፣ ለአንድ ዓመት ያጉረመርማሉ፣ በሁለተኛው ይለምዱታል ይላል። ልክ ሳይሆን አይቀርም። እኔስ ለራሴ ብዬ ነው? ለእኅቴ ነው።

ታኅሣሥ 20

ትናንት ገብርኤል ስለነበረ ሥራ የለም። ዛሬ ጓዴ አልመጣም፤ በሬው ታሟል። ጭቃ ረጋጮቹም አልመጡም፤ አንዱ ለቅሶ፣ አንዱ አውድማ፣ አንዱ ሚስቱ ልትወልድ። ሁሉም በአንድ ቀን!

ክሊኒክ ግን ይመጣሉ። ቁስላቸውን ሳስር ዐይኔን አያዩም። እግዜር ይስጥልኝ ብለው ይወጣሉ።

ታኅሣሥ 24

ቆርቆሮው በጭነት መኪና ደረሰ። የሚያለብስ የለም። ከሥራ ስወጣ ሱሪዬን ጠቅልዬ ጭቃውን ራሴ ረገጥኩ፣ ሦስተኛውን ክፍል ራሴ መረግሁ። እጄ ተሰነጣጠቀ፤ አዮዲን ቀባሁት፤ አቃጠለኝ። መንገደኛው ቆሞ ያየኛል፣ ከንፈሩን ይመጥና ያልፋል። ይምጠጥ።

ከሁለቱ ተማሪዎች አባቶች አንደኛው፣ ከእስቴ ገጠር የመጣው ደግ ሰው፣ ማር ይዞልኝ መጣ። ብዙ ዞረ፤ ስለ ዘንድሮው ገብስ፣ ስለ ውርጩ አወራ። በመጨረሻ ልጁን ሌላ ቤት እንዳስገባው ነገረኝ። ምክንያቱን ጠየቅሁት። «በታቦት መንገድ ላይ የተኛ ልጅ ትምህርት ይገባዋል ትላለህ?» አለኝ። ማሩን ትቶልኝ ሄደ። መምህሩም ከዚያ ወዲህ ብቅ አላለም።

አሁን ገባኝ። ወረቀቱ ቤቱ የእኔ ነው ይላል እንጂ ሰው ይግባበት አይልም። አንድም ሰው የማይገባበት አራት ክፍል ምንድን ነው? የቆርቆሮ ጎታ ነው።

ግን አልተሸነፍኩም። ዘዴ አለኝ።

ታኅሣሥ 30

ትናንት ልደት ነበር። ሌላው የገና ጨዋታ ሊያይ ሲወጣ እኔ ወይዘሮ ተዋበች ዘንድ ጾሜን ፈታሁና እንቅልፌን ተኛሁ። ዛሬ በጠዋት ዶማ ይዤ ወጣሁ። ዘዴዬ ይህ ነው፤ ከቤቱ በስተታች፣ በገደሉ አፋፍ፣ አዲስ መንገድ እጠርጋለሁ። ታቦቱ በዚያ ይዞራል። ቤቱም ይቆማል፣ ሚካኤልም ያልፋል፣ አባቴም ያያሉ።

ጓዴ መጣ። አፍሮ ነው መሰለኝ ቆርቆሮውን ላልብስልህ አለ፤ ሲመታ ዋለ። ስለ በሬው አልጠየቅሁትም።

ጥር 3

መንገዱ አለቀ። ድንጋዩን ፈነቀልኩ፣ እሾሁን መነጠርኩ፣ በስተገደሉ በኩል አፈር ደለደልኩ። ኮራሁበት። አለቃ ዋሴን ጠርቼ አስኬድኳቸው። በዚያ ዕድሜያቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱልኝ፤ መቋሚያቸውን እየተከሉ፣ አንድ ቦታ ላይ ክንዴን ይዘው። መጨረሻው ላይ ላባቸውን ጠረጉ። ድካሜን አመሰገኑ፤ ለበቅሎ የሚሆን መንገድ ነው አሉ። ለታቦትስ አልኳቸው።

«ታቦት የተሸከመ ቄስ እግሩን አያይም፣ ልጄ። በመጎናጸፊያ ተሸፍኖ፣ ሁለት እጁ ወደ ላይ ነው። ሕዝቡ ከግራ ከቀኝ ይገፋዋል። እስቲ አንተ እጅህን ራስህ ላይ አድርገህ፣ ዐይንህን ሸፍነህ በዚህ አፋፍ ሂድ።»

አልሄድኩም። የተሰበረ እግር የማስረው እኔ ነኝ። ከዚያ አፋፍ የወደቀ ሰው ምን እንደሚሆን ከአለቃ የበለጠ አውቃለሁ።

ጥር 5

መወሰን አለብኝ። ሀይሉ በየቀኑ ይመጣል። አይዞህ ይላል። እሱ በሩን አይቶ ነው አይዞህ የሚለኝ።

ጠያቂዎቹ ወርቅ ያለው ቀሚስ አምጥተው ለአመተ ማርያም አሳይተዋታል ብሎ አንድ የቤተ ልሔም ሰው ነገረኝ። ወደደችው ወይ አልኩት። አጣጥፋ መለሰችው አለኝ።

ጥር 7

አፈረስኩ።

በጠዋት መጥረቢያና መዶሻ ይዤ ሄድኩ። ጓዴን አልጠራሁም። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ክፍል፣ መካከለኛዎቹን። ከላይ እስከ ታች ሲታይ ታቦቱ የሚያልፈው በእነርሱ ላይ ነው፤ አንደኛውና አራተኛው ግራና ቀኝ ይቀራሉ። ቆርቆሮውን ሚስማሩን እየነቀልኩ አወረድኩ። ምርጊቱን ስመታው አልፈርስም አለኝ፤ ለካስ በደንብ ነው የመረግሁት። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ማንም አላየኝም፤ ቢያየኝም አቧራው ነው እል ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ጓዴ መጣ። መጥረቢያውን ከእጄ ወሰደ። ጭቃ ረጋጮቹ መጡ። ያ ሚስቴ ልትወልድ ነው ያለው መጣ። (ወለደች ወይ አልኩት፤ ገና ሚስት ልትሆነኝ የታጨች እንኳ የለችኝም ብሎ ሳቀ።) ሰው እየበዛ፣ እየበዛ፣ ቋሚው ተነቅሎ፣ ጉድጓዱ ተደፍኖ፣ መሬቱ ተጠርጎ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሜዳው ሜዳ ሆነ። ለመሥራት ያጣሁትን ሰው ለማፍረስ አገኘሁት። ሴቶቹ ጠላ አመጡ። የምስቅ ይሁን የምናደድ አላውቅም።

ጥር 8

ይገርማል! ያ ማር ያመጣው ሰው ተመለሰ። አራተኛው ክፍል ካልተያዘ ልጄን ላግባ አለ፤ ሌላውም አባት መጣ። ታቦት በደጁ የሚያልፍበት ቤት ይባረካል ብለው ይሻማሉ። የትናንቱ መርገም የዛሬ በረከት ሆነ፤ እኔም አላንገራገርኩም። ልጆቹ ስንቃቸውን አስገቡ። ሀይሉም ጨርቁን አንደኛው ክፍል ውስጥ ደረደረ። ዞሮ ዞሮ ሁለቱም ተያዙ። ከሁሉም ቀድሜ በዚህች ከተማ ኪራይ ቤት የሠራሁ ደመወዝተኛ እኔ ነኝ።

የነቀልኩት እንጨትና ቆርቆሮ ተከምሯል። ከመንገዱ በላይ ቦታ ይቀረኛል፤ ከፋሲካ በኋላ እሠራበታለሁ። ለአመተ ማርያም የሚሆነው ያ ነው። እስከዚያ ብትቆይ ምን ትሆናለች? አባቴ ይረዱኛል። የሆነውን ሁሉ አስረዳቸዋለሁ።

ጥር 9

መጡ። አባቴ በበቅሎ፣ እማሆይና አመተ ማርያም በእግራቸው። ቁመቷ ረዝሟል። ወስጄ ቤቱን አሳየኋቸው። ስለ ውሉ፣ ስለ አለቃ፣ ስለ ገደሉ መንገድ፣ ስለ ማፍረሱ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ብዙ ተናገርኩ። አባቴ የሚካኤልን መንገድ መልቀቄን ሲሰሙ እሰይ አሉ።

አመተ ማርያም አንደኛው በር ላይ ቆማ የሀይሉን ጨርቅ አየች። ሄዳ አራተኛው በር ላይ ቆማ የልጆቹን ስልቻ አየች። ከዚያ መጥታ እማሆይ አጠገብ ቆመች። ደክሟት ነው መሰለኝ። ሁላቸውንም ወይዘሮ ተዋበች ዘንድ አሳደርኳቸው።

ጥር 10

ከተራ። ሚካኤል ወረደ። በሁለቱ ቤቶቼ መካከል ደረሰ። ሌላ አገር ታቦት በደል ሲያይ አልሄድም ብሎ ይቆማል እያሉ ወይዘሮ ተዋበች ሌሊቱን ሲያስፈራሩኝ አድረዋል። አልቆመም። አለፈ። በአቧራው ላይ ተንበርክኬ ቀረሁ።

ጥር 12

ዛሬ ሚካኤል ሲመለስ በልማዱ ሜዳው ላይ አረፈ። አለቃ ዋሴ አባቴን ጋበዟቸው። አባቴ በቤቶቼ መካከል ቆመው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ወረቡን መሩ። እንዲህ ሲዘምሩ ካየሁ ብዙ ዓመት ነው። ከበሮው ሲመታ የሁለቱም ቤት ቆርቆሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። እልልታው ቀለጠ። ደረቴን ነፋሁ።

ታቦቱ ወጣ፤ ሕዝቡ ተከተለው። ጓዴ አለፍ ሲል ጀርባዬን መታ አደረገኝ። አባቴ ቀርተው ላባቸውን ይጠርጉ ነበር። እማሆይም አሉ። አመተ ማርያም ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ፣ የኔ የትኛው ነው?»

መልሱን ከጥር 8 ጀምሮ አዘጋጅቼው ነበር። ከፋሲካ በኋላ፣ ከመንገዱ በላይ፣ ከሁለቱም የሚበልጥ። አፌን ከፈትኩ። አባቴ አያዩኝም ነበር፤ የመቋሚያቸውን ጫፍ ከአቧራው ያጸዳሉ። ልጅቷ ግን ትኩር ብላ ታየኛለች። አታለቅስም፣ አትለምንም። የጠየቀችው የትኛው እንደሆነ ብቻ ነው። እንዳለ አልተጠራጠረችም።

ይህን ደብተር አሁን ወደ ኋላ አገላብጬ አነበብኩት። ለእርሷ ነው፣ ለእርሷ ነው እያልኩ የጻፍኩት ስንት ቦታ ነው! ካፈረስኳቸው ሁለት ክፍሎች አንዱ የእርሷ እንደነበረ ግን አንድ ቦታ እንኳ አልጻፍኩም። የሚከራዩትን አስቀርቼ የእርሷን አፈረስኩ፤ ለቀሩት ደግሞ በማግስቱ ተከራይ አስገባሁ። መንገዱ በዚያ ስለሆነ ነው፤ እውነት ነው፣ በዚያ ነው። ማከራየቱስ?

አራተኛው ክፍል ያሉት ልጆች በትምህርት መካከል ናቸው፤ አላስወጣቸውም። እጄን ወደ አንደኛው ዘረጋሁ። ወደ ሰፊው በር፣ ወደ ገበያው።

«ያ ነው» አልኳት።

ጥር 13

ሀይሉ አበድክ አለኝ። ከገበያ ፊት ለፊት ያለ በር ለሴት ልጅና ለመነኩሲት ይሰጣል ወይ አለ። ነገ ተነገ ወዲያ ባለጸጋ የሚያደርግህን በር በእጅህ ዘጋህ አለ። ብዙ አለ። ቀብዱን መለስኩለት፤ ጨርቁንም ራሴ ተሸክሜ ቀድሞ ወደነበረበት ቤት አደረስኩለት። ልክ ሳይሆን አይቀርም፤ ስለ በሩ። በእኔ ስሌት የዚህ ዓመት ትርፍ አፈር በላ። ከመንገዱ በላይ ያለውን ቦታ ግን ዛሬ በእግሬ ለካሁት፤ በዚህ በጋ ባይሆን በሚመጣው። በመጀመሪያ አለቃን እጠይቃለሁ። ከዚያ እረኛውን። ከዚያ ያገኘሁትን ሁሉ።

አባቴ ጠዋት ተነሡ። በቅሎዋ ላይ ሲወጡ እርካቡን ያዝኩላቸው። ለስማዳዎቹ ምን እንደሚሉ አልጠየቅኋቸውም። ራሳቸው፣ ልጅቱ ትምህርት ላይ ናት እላቸዋለሁ አሉ፣ መረቁኝ፣ ሄዱ። ሰኞ አስመዘግባታለሁ።

ሲመሽ ጄሪካን ውሃና ኩራዝ ወሰድኩላቸው። እማሆይ ጠበል ረጭተው ጸሎት ላይ ነበሩ። አመተ ማርያም የሀይሉን መደርደሪያ ጠርጋ ዳዊቷን አስቀምጣበታለች። ብዙ አልተጫወትንም። ደኅና እደሩ ብዬ ወጣሁ። ገና ሁለት እርምጃ ሳልሄድ በሩን ዘግታ ከውስጥ ቀረቀረችው፤ መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማሁት። ክብሪት መስጠቱን ረስቼ ነበርና ተመልሼ ላንኳኳ ከጀልኩ። ከዚያ ተውኩት። በሯ ነው።